መድኃኒቱ አንድ ነው

አቃቂ በሰቃ የተከራየኋት ክፍል ባለቤት፣ አባባ እያልኩ የምጠራቸው ሽማግሌ፣ ጆሯቸውን የበላው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ሠላሳ ዓመት በሽመና መኪኖች መሀል ቆመው ጡረታ ሲወጡ ግራው ጭራሽ አይሰማም ነበር፤ ቀኙም የሚሰማው ሲጮኹበት ብቻ ነው። ስለዚህ በእኔና በእሳቸው መካከል ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለ ውሃ መጥፋትም ሆነ ስለ ሆድ ሕመም ስናወራ ግቢው ሁሉ ይሰማናል።

ባለቤታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ነበሩ። አንዲት ልጃቸው ተድራ ድሬዳዋ ትኖራለች። እኔም ብቻዬን ነበርኩ። እናትና አባቴ አልፈዋል፤ ታላቅ እህቴ ጎንደር ናት፣ ለበዓል ትደውላለች። ላገባው የነበረ ሰው ሌላ አገባ። ታሪኩ ይኸው ነው፣ የምጨምርበት የለኝም።

በፋርማሲ ነው የተመረቅኩት። ሥራዬ ግን መድኃኒት ማስተዋወቅ ነበር። የአንድ የውጭ ኩባንያን መድኃኒቶች የሚያስመጣ ድርጅት ቀጥሮኝ፣ ጥቁር ቦርሳ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ፣ ከቃሊቲ እስከ ዱከም ያሉትን ሐኪሞችና መድኃኒት ቤቶች አዳርሳለሁ። ሪፕ ይሉናል። ከውጭ ለሚያየው ጥሩ ልብስ ለብሶ መዞር ይመስላል። ሥራው ግን አብዛኛው መጠበቅ ነው። ሐኪሙ በሽተኞቹን እስኪጨርስ ኮሪደር ላይ፣ ከታማሚዎቹ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር እቀመጣለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «አንቺን ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብላ ትጠይቀኛለች። ምንም አያመኝም ስላት ፊቷን ታዞራለች፤ ወረፋዋን ልቀማት የመጣሁ ይመስላታል። በሩ ሲከፈት ሦስት ደቂቃ ይሰጠኛል። ሦስት ደቂቃ ፈገግ ብዬ አውርቼ እወጣለሁ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ያወራሁት ስለ ኪኒን ብቻ ሆኖ ቤቴ እገባለሁ።

አባባ የግቢው በር ሲንኳኳ ባይሰሙም በሩ ሲከፈት መሬቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ያያሉ። በርጩማቸው ላይ ሆነው ቀና ይሉና «እህ፣ ዛሬስ ጫማሽ አልቆሰለም?» ይሉኛል። የሚሉት እግርሽ ለማለት ነው። ሳቄ ይመጣል። የቀኑ የመጀመሪያ ሳቄ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር።

አንድ ቅዳሜ መድኃኒታቸውን አውጥተው «እስቲ አንቺ የተማርሽው፣ ይሄ ምን ይላል?» ብለው ሰጡኝ። የደም ግፊት ኪኒን ነበር። የእኛ ኪኒን፣ እኔ በቦርሳዬ ተሸክሜ የምዞረው። ድርጅቱ ለሐኪሞች እንድንሰጥ የሚያድለን ናሙና ነበረን፣ ሳምፕል የምንለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሳምፕሉ ለአባባ ማምጣት ጀመርኩ። አይፈቀድም። እኔም አውቀዋለሁ። ግን በወር አንድ ጊዜ ያቺን ትንሽ ካርቶን በሁለት እጃቸው ሲቀበሉኝ፣ ቤተሰብ እንዳለው ሰው ይሰማኝ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ያህል ኖርን።

ነገሩ የተለወጠበትን ቀን አስታውሳለሁ። አቃቂ ገበያው አጠገብ መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ከደንበኞቼ ሁሉ ፊት ለፊት የምትናገር ናት። ከስልጤ መጥታ ከወንድሟ ሱቅ ጀምራ የራሷን የከፈተች ሰው ናት፤ ማሳመር አትወድም። እንደገባሁ አንድ ነጭ ካርቶን ባንኮኒው ላይ አኖረችልኝ።

«ይሄን አይተሻል?»

«ምንድን ነው?»

«ያንቺው የግፊት ኪኒን። ቂሊንጦ የተከፈተው ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። ከርካሽነቱ የተነሳ ዋጋው ካንቺው ጋር በአንድ ቀን አይወራም።»

ካርቶኑን አገላበጥኩት። አንድን መድኃኒት መጀመሪያ ያወጣው ኩባንያ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻውን ይሸጠዋል። ያ ጊዜ ሲያልቅ ሌላ ፋብሪካም ያንኑ ንጥረ ነገር፣ በዚያው መጠን፣ መመዘኛውን አሟልቶ ሊያመርተው ይችላል። ጀነሪክ የሚባለው እሱ ነው። ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበትም ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ባንኮኒው ላይ ያለው ካርቶን ላይ የተጻፈውም ያው ንጥረ ነገር፣ ያው ሚሊግራም ነበር።

«ጥሩ ነው» አልኳት።

«ላንቺ ጥሩ አይመስለኝም» አለችኝ።

በሳምንቱ ድርጅቱ ሁላችንንም አንድ ሆቴል አዳራሽ ሰበሰበን። አለቃዬ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነበር። ከውጭ የተላከለትን ስላይድ እያሳየ፣ ከአገር ውስጡ መድኃኒት ጋር ፉክክር መጀመሩን፣ ኩባንያውም በሌሎች አገሮች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ አስረዳን።

«አንደኛ፣ ማንም እንዳይዋሽ» አለ። «የቂሊንጦው መጥፎ ነው ያለ ሰው እኔ ዘንድ አይሠራም። ጥያቄ ብቻ ጠይቁ።»

«ምን ዓይነት ጥያቄ?» አልኩት።

«ለምሳሌ እንዲህ በይ። ‹ዶክተር፣ የለመደው መድኃኒት ተቀይሮበት የአንዱ በሽተኛዎ ግፊት ቢወጣ ተጠያቂው ማነው?› መልሱን አትስጪው። ጥያቄውን ይዞት ቤቱ ይሂድ።»

ጥያቄ ሐሰት አይሆንም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ደግሞም በጣም ጎበዝ ሆንኩበት። ቃሊቲ አንድ ክሊኒክ ያላቸው ሐኪም ነበሩ፤ ደክሟቸውም ቢሆን ወንበር የሚያቀርቡልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጥያቄውን ስጠይቃቸው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ትንሽ አሰቡና «እውነትሽን ነው፣ ሰውን የለመደውን መንሳት ደግ አይደለም» አሉ። ከዚያ ወዲያ የመድኃኒቱን ስም ሳይሆን የእኛን የንግድ ስም ይጽፉ ጀመር፤ ከጎኑም «አይቀየርም» ብለው ያሰምሩበታል። በዚያ ወር አለቃዬ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ። አብረውኝ የሚሠሩት አጨበጨቡ፣ ከዚያ ምሳቸውን ሊበሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሄዱ።

አባባም ሰሙ። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ነርሷ የቂሊንጦውን ሰጥታቸው ኖሮ ይዘውት መጡ።

«ይሄ እዚሁ ጎረቤታችን የሚሠራው ነው አሉኝ። ይሆነኛል?»

በዚያች ቅጽበት አዎ ማለት እችል ነበር። ቦርሳዬን እንኳ ገና አላወረድኩም። ግን ቀኑን ሙሉ ስለው የዋልኩት ነገር አፌ ላይ ነበረና ጮኼ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የሠሩ ሰው! ሁለት ፋብሪካ የሠራው አቡጀዲ አንድ ነው?»

ሳቁ። «የት ሲሆን! ክሩ ይለያል፣ እጁ ይለያል። አንዱን ሁለት ጊዜ ስታጥቢው ያልቅልሻል።»

«እንግዲህ!» አልኩ።

የነርሷን ኪኒን ለጎረቤት ሰጡት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተሳካልኝ የለም።

ኩባንያው በዚህ አልቆመም። በዓመቱ አዲስ ዓይነት ኪኒን አመጣ። መድኃኒቱ ያው ሆኖ በቀን ሁለት ጊዜ በመዋጥ ፈንታ አንዴ የሚዋጥ፣ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ ነው። የድሮውን ማስመጣቱን አቆሙ። ቂሊንጦ የድሮውን ነው የሚሠራው፤ አዲሱን ገና አልደረሰበትም። እኛም «ዶክተር፣ በሽተኛዎ በቀን ሁለት ጊዜ ማስታወስ ይችላል?» የሚል አዲስ ጥያቄ ተሰጠን። አዲሱ ኪኒን በእርግጥ ለአንዳንድ ሰው ይመቻል፤ ይህን አልክድም። ግን ውድ ነበር፣ ሳምፕሉም ትንሽ ነበር።

ለአባባ አዲሱን አመጣሁላቸው። የማይቆረጥ፣ የማይታኘክ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም። የማስታውሰው ታክሲ እንዳያመልጠኝ ከበሩ ላይ ሆኜ አንድ ነገር መጮኼን፣ እሳቸውም እጃቸውን ማንሳታቸውን ነው። ሰምተው ይሁን ሊሰናበቱኝ ዛሬም አላውቅም።

ሽያጩ ግን እየወረደ ሄደ። ሰው አቅሙን ያውቃል። ድርጅቱ ከሪፖቹ ግማሹን አሰናበተና የእነሱን አካባቢ ለቀረነው አከፋፈለን። ለእኔ ሐዋሳና ሻሸመኔ ደረሰኝ። ሳምፕልም ተቋረጠ። ሐዋሳ ስሄድ ለአባባ የነበረችኝን የመጨረሻ ካርቶን ሰጥቼ፣ ሲያልቅ እደርሳለሁ ብዬ ወጣሁ። አልደረስኩም። ሥራው ከአንድ ሳምንት ወደ ሌላ ሳምንት ተጎተተ። የአልጋ ቤቱ መስኮት ወደ ግድግዳ ነበር የሚከፈተው። ምግብ ቤት ብቻዬን ስገባ አስተናጋጁ «ሰው ይመጣል?» ብሎ ሁለተኛ ሹካ ይይዛል፤ አይ ስለው ይመልሰዋል። ለአባባ መደወል አልችልም፣ ስልክ አይሰሙም።

የተመለስኩት አንድ ረቡዕ ከሰዓት ነው። በርጩማው ባዶ ነበር። ማዶ ያለችው ተከራይ ልብስ እያሰጣች «አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ። ከሦስት ቀን በፊት በጠዋት አባባ ቧንቧው ጋ ሊታጠቡ ሄደው ወድቀው ኖሯል። ግንባራቸው ተፈንክቶ፣ የቀኝ እጃቸው ተሰብሮ በባጃጅ ሆስፒታል ወስደዋቸዋል።

ሆስፒታል ስደርስ ተኝተዋል። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፣ ከዚህ ቀደም አግኝቼው አላውቅም።

«ልጃቸው ነሽ?»

«ተከራያቸው ነኝ።»

«ግፊታቸው ከመጠን በላይ ወርዶ ነው የወደቁት። ምን እንደሚወስዱ ታውቂያለሽ? ኪሳቸው ውስጥ ይሄን ነው ያገኘነው።»

የጋዜጣ ቁራጭ ፈታ አድርጎ አሳየኝ። አዲሱ ኪኒን ነበር፣ እያንዳንዱ በምላጭ ለሁለት ተሰንጥቆ። እስክመለስ እንዲበቃቸው ማብቃቃታቸው ነበር። ያ ኪኒን ሲቆረጥ ቀስ ብሎ መሟሟቱ ይቀርና መድኃኒቱ ባንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባል። ይህንን ለሐኪሞች ሳስረዳ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ባለቀለም ወረቀት እንኳ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«የአገር ውስጡን ቢወስዱ ኖሮ እኮ በቀላሉ ያገኙት ነበር» አለ ሐኪሙ፣ እንዲያው በቅንነት። «ለምን እንዳልወሰዱ አላውቅም።»

እኔ ግን አውቅ ነበር።

ሲነቁ ልነግራቸው ፈለግሁ። ግን በዚያ ክፍል ስምንት በሽተኛ ተኝቷል፣ መጮህ አይቻልም። እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። እሳቸው «ሐዋሳ ሞቃት ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ልጃቸው ከድሬዳዋ መጣች፤ ረጋ ያለች፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አባባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሳለ የቂሊንጦውን ኪኒን ከዚያችው ከስልጤዋ ገዝቼ መጣሁ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚወስዱት ይሄን ነው!»

አዩት። «ይሄ የጎረቤታችን ፋብሪካ ነው። ክሩ የሚለየው።»

«አይለይም!»

«ምን?»

«አይለይም! መድኃኒቱ አንድ ነው! ያኔም አንድ ነበር!»

ማዶ ያለችው ተከራይ ልብስ ማጠቧን አቆመች። ልጃቸው ሳፋ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ድምፄን ዝቅ ማድረግ አልቻልኩም፤ ዝቅ ካደረግሁ አይሰሙም።

«ታዲያ ያኔ ስለ አቡጀዲ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ሥራዬ ስለነበር ነው!»

«ምንሽ?»

«ሥራዬ! እንደዚያ እንድል ይከፈለኝ ነበር!»

አሁን ሰሙ። በደህናው እጃቸው ጉልበታቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብለው ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ሰው «እኔ ኪኒኑን መች አወቅሁትና። አንቺን ነው ያመንኩት» አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጃቸው ሳፋውን አስቀምጣ ካርቶኑን ከእጄ ተቀበለችኝና «በቀን ስንቴ ነው?» አለችኝ። ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ አልኳት። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ኪኒኑን ወሰዱ። በወሩ ጤና ጣቢያ ተለክተው ግፊታቸው ደህና ሆነ። ከእኔ ጋር ሰላምታቸው አልተቋረጠም፤ ግን ስለ ምንም ነገር ምክር መጠየቅ አቆሙ። እጃቸው ሲድን ልጃቸው ይዛቸው ወደ ድሬዳዋ ሄደች። ሲሄዱ ግንባሬን ሳሙኝ። የእሳቸው ቤት ለቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞች ተከራየ። በፈረቃ የሚሠሩ ልጆች ናቸው፣ እኔ ስወጣ ይተኛሉ፣ እኔ ስገባ ሰርቪስ ይጠብቃሉ።

ብዙም ሳይቆይ አለቃዬ ስልክ ደወለ። ኩባንያው የግፊቱን መድኃኒት ለዚህ አገር መላኩን ሊያቆም ወስኗል፤ የሚልክላቸው የበለጠ የሚያዋጡ አገሮች አሉት። «የአንቺ ጥፋት አይደለም፣ ከሁሉም ጎበዝ አንቺ ነበርሽ» አለኝ። ጥቁሩን ቦርሳ እንድመልስ ጠየቀኝና መለስኩ።

የስልጤዋ ሴት መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ቀጠረችኝ። ለመለመን ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ እሷ ግን ነጩን ጋውን ወርውራልኝ «የሙያ ፈቃድሽ አልታደሰም፣ መጀመሪያ አሳድሺው» ብቻ አለችኝ።

እዚያ ነው የሠራሁትን በዓይኔ ያየሁት። ሰዎች በቃሊቲው ሐኪም እጅ የተጻፈ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ወረቀቱ ላይ አገር ውስጥ የማይገባ የመድኃኒት ስም አለ፣ ከጎኑም «አይቀየርም» ይላል። አንዲት የወሎ ሴት፣ የከባድ መኪና ሹፌር ባለቤት፣ ከሳሪስ ጀምራ መድኃኒት ቤቶቹን ሁሉ ስትጠይቅ መጥታ ላብ በላብ ሆና ባንኮኒው ላይ ተደገፈች። የለም፣ ይኼኛው ግን በቀን ሁለቴ ይዋጣል እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው አልኳት። «ሐኪሙ አይቀየርም ብሏል እኮ፣ እህቴ» አለችኝና ወረቀቷን አጣጥፋ ሄደች። ባለ መድኃኒት ቤቷ ከኋላዬ ሆና አየች።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ እንደ ድሮው ጠበቅሁ። ሐኪሙ ሲያዩኝ ወንበር ሳቡልኝ።

«ጠፋሽ! ምን አዲስ ነገር ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«ዶክተር፣ ያ መድኃኒት አገር ውስጥ አይገባም። የቂሊንጦውን ይጻፉላቸው። ያኔ የጠየቅኩዎትን ጥያቄ ይርሱት።»

ፈገግ አሉ። «አሃ፣ አሁን ደግሞ ለእነሱ ነው የምትሠሪው?»

«ለማንም አይደለም።»

አላመኑኝም። በፊታቸው ላይ አየሁት፤ ሦስቱ ደቂቃም አልቆ በሽተኛ ጠሩ። ሆኖም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወረቀቶቹ ላይ የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስም መታየት ጀመረ። በእኔ ምክንያት ይሁን በሽተኞቹ ተማረው ነግረዋቸው አላውቅም። የወሎዋ ሴት ግን ተመልሳ አልመጣችም።

ባለፈው በጋ የአባባ ልጅ ደወለችልኝ። አባቷ አርፈው አርባቸው ወጥቷል። ሳንባቸውን ነው ያመማቸው፣ ግፊታቸው እስከ መጨረሻው ደህና ነበር አለችኝ፤ ይህን ለእኔ ብላ እንደነገረችኝ ገባኝ። ቀድማ ያልደወለችው የስልክ ቁጥሬን ስላጣችው ነው፤ ከአባቷ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነው ያገኘችው።

ስልኩን ዘግቼ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ለዘመድ ሲሆን ሰው ድንኳን ይጥላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ እግዜር ያጽናሽ የሚል አይጠፋም። ለአከራይ ለቅሶ አይቀመጡም። አርባ ቀን ያለፈው ሐዘን ይዤ ለማን እነግራለሁ? በማግስቱ ጥቁር ሻርፕ ከጋውኑ ላይ ጣል አድርጌ ሥራ ገባሁ።

ባለ መድኃኒት ቤቷ አየችኝ። «ማን ሞተብሽ?»

«አከራዬ የነበሩ ሰውዬ።»

«ዘመድሽ ናቸው?»

«አይደሉም።»

ከጓዳ ሁለት ወንበር አውጥታ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሷ አስቀመጠች። ደንበኛ እስኪገባ ድረስ፣ አሥር ደቂቃ ያህል፣ ሳንነጋገር አብረን ተቀመጥን።